ከመሰበሩ በፊት የተጠገነው ኩባያ

ጋሼ ሙጫ ያልናቸው ስስታም ስለነበሩ አይደለም። በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት፣ ከውሃ ቧንቧዎች ሥር ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሙሉ መጽሐፍ ሲጠርዙ ስለኖሩ ጣቶቻቸው ሁልጊዜ ሙጫ ሙጫ ይሸታሉ። ሲጨብጡን እጃችን ለአንድ አፍታ ከእጃቸው ጋር ይያያዛል። "አይዞህ፣ ይለቃል፤ ርካሹ ነው" ይሉ ነበር።

እኔ ያወቅኋቸው የክፍል ጓደኛዬ ሆነው ነው። እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣ እሳቸው ሃምሳ አንድ።

በዚያ ዓመት ስፓኒሽ ቋንቋና ባህል ለመማር የተመዘገብነው ሰባት ሰዎች ብቻ ነበርን። ደንቡ ደግሞ ከስምንት በታች ከሆነ ክፍሉ አይከፈትም ይላል። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ሴኞራ ነበሩ፤ በስፓኒሽ ወይዘሮ ማለት ነው። ሁላችንም፣ የበር ጥበቃው ሳይቀር፣ እንዲህ ነበር የምንጠራቸው። ምዝገባው ሊዘጋ ሁለት ሰዓት ሲቀረው ቅጹን ይዘው ወደ ምድር ቤት ወረዱ። ለሠራተኛ ትምህርት በነጻ መሆኑን ያውቃሉ።

"አንድ ሰው ጎድሎኛል" አሉ።

"እኔ እኮ ሴኞራ፣ የማውቀው መለጠፍ ብቻ ነው።"

"ሌላ ምን ጠየቅሁዎ? ስምዎን እዚህ ዝርዝር ላይ ይለጥፉልኝ።"

ጋሼ ሙጫ ፈረሙ። ስማቸው ብቻ ግን አልመጣም። በመጀመሪያው ሰኞ ሽርጣቸውን አውልቀው፣ ጸጉራቸውን በውሃ አስተኝተው፣ ራሳቸው የጠረዙትን ደብተር ታቅፈው ከፊት ወንበር ተቀመጡ። ምክንያቱን የነገሩኝ ቆይተው ነው። "ሠላሳ ዓመት መጽሐፍን በጀርባው ነው የማውቀው" አሉኝ። "ሰው ጎረቤቱን በጀርባው ብቻ እያወቀ ይሞታል?"

በጽሑፍ ከሁላችን ይበልጡ ነበር። መዝገበ ቃላቱን ገልጠው፣ እያንዳንዱን ቃል እንደ ክር በመርፌ ቀዳዳ እያሾለኩ፣ ቀስ ብለው ይደርሱበታል። አፋቸው ግን አይከፈትም። ሴኞራ አንድ ጥያቄ በስፓኒሽ ሲጠይቋቸው ጆሯቸው ይቀላል፤ ደብተራቸው ላይ ጽፈው ያሳያሉ። ጠበቃው የምንለው፣ ከገዛ ጥላው ጋር የሚከራከር የክፍላችን ልጅ፣ አንድ ቀን "ጋሼ፣ ከንፈርዎም ተለጥፏል እንዴ?" አላቸው።

"አዎ፣ ገና አልደረቀም" አሉት። "ሳይደርቅ የከፈቱት መጽሐፍ ጀርባው ይሰነጠቃል።"

ብዙ ነገር ተማርን። አንዱን ቋንቋ ሃያ አገር እንዴት ሃያ ዓይነት አድርጎ እንደሚናገረው፣ እዚህ ለጓደኛ የሚባለው ቃል እዚያ ለአያት እንደሚባል። አንድ ሰው የአባቱንም የእናቱንም ስም አከታትሎ እንደሚይዝ የተማርን ዕለት ጋሼ ሙጫ እስክሪብቷቸውን አስቀምጠው ለረጅም ጊዜ በመስኮቱ ወደ ውጭ አዩ። ከዚያ በደብተራቸው ሽፋን ላይ ከአባታቸው ስም ቀጥለው የእናታቸውን ጻፉ።

ከሁሉ የሚታወሰኝ ግን የሴኞራ ትልቁ ንግግር ነው። በየዓመቱ መጨረሻ አንድ ጊዜ ይሰጡታል፤ የሌላ ትምህርት ክፍል ተማሪ ሳይቀር መጥቶ ደረጃው ላይ እየተቀመጠ ይሰማል። ንግግሩ ስለ አንድ ልብ ወለድ ነው። ከውቅያኖስ ማዶ በጥቂት ቅጂ ታትሞ ደብዛው የጠፋ መጽሐፍ ነው፤ አንዲት የድሮ ጓደኛቸው ፎቶ ኮፒ አድርገው በፖስታ ላኩላቸው። ሴኞራም እንዳይበታተን ብለው ሳያነቡት ለጥራዝ ሰደዱት። እኛ ሁላችን ያነበብነው ያንን አንድ ጥራዝ ነው።

ታሪኩ በወንዝ ዳር ልብስ እያጠበች ሦስት ልጆች ስለምታሳድግ እናት ነው። በአራተኛው ምዕራፍ እናትየው ሞታ ትቀበራለች። በአምስተኛው ምዕራፍ ተነስታ ምድጃ ታቀጣጥላለች፤ ጨው ያፈሰሰውን ትንሹን ልጇን ትቆጣዋለች። በስድስተኛው፣ በሰባተኛው፣ እስከ ዘጠነኛው ድረስ እንዲሁ ከቤቱ አትጠፋም።

"ልብ በሉ" ይሉ ነበር ሴኞራ፣ መነጽራቸውን አውልቀው። "ማንም አይደነግጥም። ልጆቿ 'እማ፣ ሻይ አለ?' ነው የሚሏት። ከሙታኑ ጋር የታረቀ ሕዝብ እንዲህ ነው። ወንበር ይስብላቸዋል እንጂ አይጮህም።"

ይህን በመጀመሪያ ዓመቴ ስሰማ እናቴ ከሞተች ሁለት ወር ሆኗት ነበር። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ ነበር፤ የተቀመጥኩበት ወንበር የቀኝ እጀታው ይነቃነቅ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ቤት ስገባ የእናቴን ወንበር ከጠረጴዛው ትንሽ ሳብ አድርጌ መተው ጀመርኩ። አባቴ አየ። እሱም እየዞረ ያልፈው ነበር።

ሦስተኛ ዓመት ላይ ስንደርስ ሴኞራ ጡረታ ሊወጡ ነው ተባለ። የመጨረሻውን ንግግር በትልቁ አዳራሽ እንዲሰጡ ተወሰነ፤ የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ሁሉ ተጠሩ። ሦስት ሳምንት ሲቀረው ጋሼ ሙጫ አስጠሩኝ።

"በሩን ዝጋው" አሉኝ ስገባ። ጠረጴዛቸው ላይ የወትሮው ወስፌና ክር፣ መጭመቂያው፣ በጣሳ ያለ ሙጫ፣ በሌላ ጣሳ ያለ ሻይ ነበር። አንድ ጊዜ ጣሳ ተሳስተው ቀምሰዋል ይባላል። መካከል ላይ ያ መጽሐፍ ተከፍቶ ተቀምጧል። በትምህርቱ ተራ ደርሶን እሳቸውም በመዝገበ ቃላት እየቆፈሩ አንብበው ጨርሰውት ነበር።

"ሰማያዊውን ኩባያ ታስታውሰዋለህ?"

"ትንሹ ልጅ የሚሰብረውን?"

"እሱን። የቱ ምዕራፍ ላይ ነው የሚሰብረው?"

"ስድስተኛው ላይ። እናትየው ትቆጣዋለች፣ ከዚያ አብራው ታለቅሳለች።"

"እሺ። አሁን ቀብሯን አንብብልኝ። አራተኛውን። ጎረቤትየው ውሃ የሚጠጣው በምንድነው?"

አነበብኩ። እጀታው በሙጫ በተያያዘ ሰማያዊ ኩባያ።

"ሌላ ኩባያ ይሆናላ" አልኩ።

"እኔ ጠጋኝ ነኝ። ከመሰበሩ በፊት የተጠገነ ዕቃ አይቼ አላውቅም።"

"ጋሼ፣ እዚህ መጽሐፍ ውስጥ እኮ የሞተች ሴት ሻይ ታፈላለች። ኩባያው ምን ያስገርማል?"

"የሞተ ይነሳ፤ እሱን ለፈጣሪ ትቻለሁ። ሙጫ ግን የኔ ነው።"

ከዚያ አሳዩኝ። ከፖስታ የወጣው አሥራ አንድ ምዕራፍ፣ እያንዳንዱ በአንድ አግራፍ የተያዘ ነበር። ምዕራፎቹ ቁጥር የላቸውም፤ አናታቸው ላይ አንዲት ትንሽ ቅጠል ታትማለች፣ በቃ። የገጹን ቁጥር ደግሞ ፎቶ ኮፒው ከግርጌው ቆርጦ አስቀርቶታል። አግራፎቹ በመንገድ ዝገዋል። ዝገቱ ከአጠገቡ ባለው ወረቀት ላይ ቡናማ ጥላ ትቷል። የሦስተኛው ምዕራፍ የመጨረሻ ገጽ ላይ ያለው ጥላ ከአራተኛው መጀመሪያ ጋር አይገጥምም፤ ከአምስተኛው ጋር ይገጥማል። የቀብሩ መጀመሪያ ደግሞ ከዘጠነኛው መጨረሻ ጋር፣ እንደ እጅና ጓንት።

"ቀብሩ ቦታው ዘጠነኛ ነው" አሉ። "እኔ ነኝ አራተኛ ያደረግሁት።"

የኋላ ሽፋኑን ገለጡ። ሥራ ሲጨርሱ ሁልጊዜ እዚያ ጥግ ላይ በእርሳስ ቀኑን ይጽፋሉ፤ ማንም አያየውም። ቀኑን ጣታቸው ነካው። ሃያ ሁለት ዓመት። ልጃቸው ከተወለደች በሦስተኛው ቀን።

"አግራፎቹን አውጥቼ ምዕራፎቹን በተራ ደርድሬያለሁ። ከላይ ስልክ ተደወለ፤ ሚስትህ ምጥ ይዟታል አሉኝ። ብድግ ስል በክርኔ መታሁት መሰለኝ፣ አንዱ ምዕራፍ እግሬ ሥር ወደቀ። ፊደሉን አውቀዋለሁ እንዴ? ለኔ ሁሉም አንድ ነበር። ክፍተት የመሰለኝ ቦታ ሻጥ አድርጌ ሮጥኩ። ተመልሼ ስመጣ በደስታ ሰክሬ ነበር፤ ዝም ብዬ ሰፋሁት።" ወስፌውን አንስተው መልሰው አስቀመጡት። "ካያያዝ ይቀደዳል ሲባል ለሌላ ሰው የተባለ ይመስለኝ ነበር።"

የገባኝ ቀስ ብሎ ነው። ያ ሁሉ ንግግር፣ ያ ከሙታኑ ጋር የታረቀ ሕዝብ፣ ያ የሚሳብ ወንበር፣ አንድ ከጠረጴዛ የወደቀ ምዕራፍ ነው።

"ጋሼ፣ ይተዉት" አልኩ። "ማንም አያውቅም።"

"እኔ አወቅሁ እኮ።"

"ሦስት ሳምንት ነው የቀራቸው። አዳራሽ ሙሉ ሰው ሊሰማቸው ይመጣል። ደግሞ ስንት ሰው ተጽናንቶበታል በዚህ..."

ቀና ብለው አዩኝ። ስለ እናቴ ያውቃሉ። "አንተም?" አሉ።

ሻዩን ወደኔ ገፉልኝ። "ይሄ ነው ያስቸገረኝ" አሉ። "የሥራዬ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ትናንት አፍርሼው ነበር።"

ቅዳሜ ከሰዓት መዝገበ ቃላታቸውን ልመልስ ቤታቸው ሄድኩ። ባለቤታቸው እትዬ መድኃኒት ቤት ውስጥ የሚሠሩ፣ ቃላቸውም እንደ መድኃኒታቸው መረር የሚል ሴት ናቸው። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ቁልፍ ይተክላሉ። ልጃቸው፣ ያቺው የሃያ ሁለት ዓመቷ፣ ልብስ ታጥፋለች። ነገሩ ቤት ውስጥ ከታወቀ ቆይቷል።

"ሴትዮዋ ልትሰናበት ነው" አሉ እትዬ ለባላቸው። "ሰው አበባ ይዞ ይሄዳል፤ አንተ አበሳ ይዘህ ልትሄድ? ዝም አይነቅዝም።"

"ዝም አይነቅዝም፤ ወረቀት ግን ይነቅዛል" አሉ ጋሼ ሙጫ።

"ለነገሩ ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ" አለች ልጅቷ። "በማግስቱ ብወለድ ኖሮ ያቺ የመጽሐፉ እናት በወጓ ትሞት ነበር።"

ሳቅን። ጋሼ ሙጫ ግን አልሳቁም። "አንቺ ብትሆኚስ?" አሏቸው ባለቤታቸውን። "ለአንድ ሰው የተሳሳተ መድኃኒት ሰጠሽው እንበል። ሰውየውም ዳነ። ሃያ ሁለት ዓመት 'እግዜር ይስጣት' እያለ ሲመርቅሽ ኖረ። አንድ ቀን ብልቃጡን አየሽው። ምን ታደርጊያለሽ?"

እትዬ ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ። ቁልፉን ጎተት አድርገው መጥበቁን አዩ። ሌላ ክር መርፌው ውስጥ አስገቡ። በመጨረሻ፣ የተሸነፈ ሰው በሚናደደው ንዴት፣ "እደውልለታለሁ" አሉ። "ምን ትጠይቀኛለህ? እደውልለታለሁ!"

ሰኞ ጠዋት ጋሼ ሙጫ ሽርጣቸውን አውልቀው ወደ ሴኞራ ቢሮ ወጡ። "ቃል ቢጠፋኝ ታቀብለኛለህ" ብለው እኔንም ወሰዱኝ። ቃል ይጠፋኛል ማለታቸው አልገባኝም ነበር። ቢሮው ውስጥ ቆመው መናገር ሲጀምሩ ገባኝ፤ በስፓኒሽ ነበር የሚናገሩት።

ሦስት ዓመት የተዘጋ አፍ ተከፈተ። ቀስ እያሉ፣ በየቃሉ መካከል እየተነፈሱ፣ ስለ አግራፉ፣ ስለ ስልኩ፣ ስለ ልጃቸው፣ ስለ ኩባያው ተናገሩ። ለአግራፍ ቃል ሲጠፋቸው በጣታቸው አየር ላይ ሠሩት። እኔ አንድም ቃል አላቀበልኩም። በኋላ ለምን በገዛ ቋንቋቸው እንዳልተናገሩ ስጠይቃቸው "ያስተማሩኝ እሳቸው አይደሉ? ያጠፋሁባቸውም በዚያው ቋንቋ ነው" አሉኝ።

ሴኞራ ስህተት ሰምተው የማያልፉ ሰው ነበሩ። የማስታወቂያ ሰሌዳውን በቀይ እስክሪብቶ ያርማሉ፤ ከበላይ ለሚመጣ ደብዳቤ እንኳ አርመው ነው መልስ የሚጽፉት። በዚያን ቀን ጋሼ ሙጫ ግሱን ሲያዛቡ፣ ሴቱን ወንድ ሲያደርጉ፣ አንድም አላረሙም። ምን ያህል እንደቆሰሉ ያወቅሁት ያኔ ነው።

ሲጨርሱ መጽሐፉን ተቀብለው የዝገቱን ጥላ አዩ። የኩባያውን መስመር አነበቡ። ስድስተኛውን ገልጠው እንደገና አነበቡ።

"መጽሐፉን ይተዉልኝ" አሉ።

"ሴኞራ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ..."

"ሲወጡ በሩን ይዝጉት።"

አንድ ሳምንት ሙሉ ምንም አልተሰማም። ሴኞራ ክፍል ገብተው ያስተምራሉ፣ ፊታቸው አይነበብም፤ ጋሼ ሙጫንም አይጠይቁም። ጋሼ ሙጫ ሥራ ቦታቸው ላይ አንድ አሮጌ ካርታ ሲለጥፉ ገልብጠው ለጠፉት። "በቃ፣ እጄ ከዳኝ" አሉ። እኔ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሴኞራ ነገሩን ውጠው እንዲያስቀሩት እጸልይ ነበር።

ስምንተኛው ቀን ላይ መጽሐፉ በቤተ መጻሕፍቱ የጥገና ቅርጫት ውስጥ ተገኘ። በውስጡ አንዲት ቁራጭ ወረቀት፣ በቀይ እስክሪብቶ፣ አንድ ቃል፤ "ይፈታ።"

አራት ቀን ፈጀባቸው። የድሮውን ክር አንድ በአንድ በጠሱ፤ የደረቀውን ሙጫ በእንፋሎት እያለዘቡ ፋቁ። የተፈታ መጽሐፍ ላባው የተነጨ ዶሮ ይመስላል፤ ማየት ያሳፍራል። ከዚያ እያንዳንዱን ምዕራፍ ከመስፋታቸው በፊት የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን መስመር ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አነበቡ። ቀብሩ ጋ ሲደርሱ በሁለት እጃቸው አንስተው ከዘጠነኛው ቦታ አስቀመጡትና ለትንሽ ጊዜ መዳፋቸውን ከላዩ ላይ አላነሱም።

የንግግሩ ቀን አዳራሹ ጢም አለ። ጋሼ ሙጫ ከኔና ከጠበቃው መካከል ተቀመጡ፤ መጽሐፉን ለሴኞራ ያስረከቡት በዚያው ጠዋት ነበር።

ሴኞራ መነጽራቸውን አላወለቁም። እንደ ወትሮው ከቀብሩ አልጀመሩም። እናትየው ምድጃ ስታቀጣጥል አነበቡ። ስለ ጨው ስትቆጣ አነበቡ። ኩባያው ሲሰበር፣ ከልጇ ጋር ስታለቅስ፣ በማግስቱ ሙጫ ገዝታ ስትመጣ አነበቡ። የድሮ ተማሪዎች እርስ በርሳቸው ተያዩ።

"ሃያ ሁለት ዓመት" አሉ ሴኞራ፣ "ይህች ሴት ሞታ ተመለሰች ብዬ አስተማርኳችሁ። ማንም አይደነግጥም፣ ልብ በሉ አልኳችሁ። ለምን ይደነግጣሉ? አልተመለሰችም። ገና አልሞተችም ነበር።"

ሴኞራ መጽሐፉን ከፍ አድርገው አሳዩ።

"ይህን የነገሩኝ መጽሐፉን የጠረዙት ሰው ናቸው። እዚህ ተቀምጠዋል፤ ተማሪዬ ናቸው። በስፓኒሽ ነው የነገሩኝ።" ቀና ብለው ፈለጓቸው። "አሥራ አንድ ስህተት ነበረበት። ነገ ቢሮ ይምጡ፣ አንድ በአንድ እናየዋለን።"

ሳቁ ከኋላ ጀምሮ እስከ ፊት ደረሰ። ጋሼ ሙጫ ጆሯቸው ቀላ። እኔ ግን እጃቸውን ነበር የማየው፤ ጉልበታቸውን ጨምድደው ይዘው ነበር፣ ቀስ ብሎ ተፈታ።

ከዚያ ሴኞራ ዘጠነኛውን ምዕራፍ ለማንበብ መጽሐፉን በደንብ ገለጡ። ጋሼ ሙጫ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው "ሙጫው አልደረቀም" አሉኝ። "በኃይል እንዳይከፍቱት ጸልይ።"

ቀብሩ ተነበበ። ያንን ምዕራፍ ቢያንስ አምስት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። በአራተኛው ላይ የማናውቃት ሴት ነበረች የምትቀበረው። አሁን ግን ስለ ጨው ስትቆጣ ሰምተናታል። ጎረቤትየው በተጠገነው ኩባያ ውሃ ሲጠጣ ከኋላዬ አንድ ትልቅ ሰው ተንሰቀሰቀ። እኔም ለሁለት ዓመት ከመንገድ ያስቀረሁት ልቅሶ መጣ።

ስንወጣ ጠበቃው ደረጃው ላይ ሴኞራን ጠብቆ ያዛቸው። "ሴኞራ፣ አንደኛ ዓመት ፈተና ላይ ስለ አምስተኛው ምዕራፍ 'እናትየው አልሞተችም' ብዬ ጽፌ ዜሮ ሰጥተውኛል። ነጥቤ ይመለስልኝ።"

"አራተኛውን ምዕራፍ ስላላነበብክ ነው እንደዚያ የጻፍከው።"

"ቢሆንም ልክ ነበርኩ!"

በዚያን ቀን ቤት ስገባ አባቴ ዳቦ እየቆረጠ ነበር። የእናቴ ወንበር እንደተውሁት ሳብ እንዳለ ነው። ተቀመጥኩበት። አባቴ ቢላውን አቁሞ አየኝ። "እማ ስለ ጨው ትቆጣ ነበር አይደል?" አልኩት። "ስለ ጨውማ!" አለና ሳቀ፤ ከሞተች ወዲህ ስለ እሷ ስናወራ የመጀመሪያችን ነበር። ብዙ አወራን። ያወራነው ሁሉ በሕይወት ሳለች የሆነውን ነበር።

ጋሼ ሙጫ በማዕረግ ባይሆንም ተመረቁ። ጡረታ እስኪወጡ ምድር ቤቷን አልለቀቁም፤ ልዩነቱ ሥራ ይዘው የሚመጡ ሰዎች ይጠብቋቸው ጀመር፣ እያነበቡ ስለሚጠርዙ። ካለፉ አሁን ዓመታት ተቆጥረዋል። ሴኞራም የሉም። ክፍሏ የተበላሹ ወንበሮች ማስቀመጫ ሆናለች።

ባለፈው ወር ቤተ መጻሕፍቱ ሄጄ ያንን መጽሐፍ አስወጣሁት። ጀርባው አልተሰነጠቀም። የኋላ ሽፋኑ ጥግ ላይ ሁለት ቀን በእርሳስ ተጽፏል፣ አንዱ ካንዱ ሥር። ከሁለቱ በታች በጋሼ ሙጫ ዝግ ያለ የእጅ ጽሑፍ በስፓኒሽ እንዲህ ይላል፤ "ሁለት ጊዜ ጠረዝኩት፤ ሁለተኛውን አንብቤ።" ከዚያ ስማቸው፣ የአባታቸው፣ ቀጥሎም የእናታቸው።

ከመስመሩ ላይ አንዲት ቃል ተሰርዛ በቀይ እስክሪብቶ ተስተካክላለች።